ዱዓና ዳዶ

ባጃጅ ያላት ሦስት ጎማ ነው። ይህን ከሚሴ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ እኔም አውቅ ነበር። ግን የማውቀው ቆጥሬ እንጂ አምኜ አልነበረም። ለማመን አንዷ መጉደል አለባት። አውቶቡስ ከብዙ ጎማው አንዱ ቢፈታ ሹፌሩ ይሳደባል፣ ረዳቱ ከሥር ይገባል፣ ተሳፋሪው ወርዶ ወገቡን ያፍታታል፤ ያልፋል። ባጃጅ ግን ትርፍ የሚባል ነገር የላትም። የሠሯት ሰዎች ሳትወድቅ ለመቆም የሚበቃትን ብቻ ቆጥረው ሰጥተው ወደ እኛ ለቀቋት።

የኔዋን የገዛችልኝ እህቴ ሐዋ ናት። አራት ዓመት ጅዳ የሰው ቤት ስትጠርግ ቆይታ ያጠራቀመችው ሁሉ ተሰብስቦ አንድ ሰማያዊ ባጃጅ ሆነ። ስለዚህ "ባጃጄ" ስል ደፍሬ ነው። እውነቱን ከተናገርን እኔ የምነዳው የሐዋን አራት ዓመት ነው። በየጁምዓው ትደውላለች። መጀመሪያ "ባጃጄ እንዴት ናት?" ትላለች፤ ቀጥላ እናታችንን ትጠይቃለች፤ ኔትወርክ ከፈቀደ ደግሞ እኔን።

ከዕለታት አንድ ቀን የግራዋ የኋላ ጎማ ታመመች። ፍሬን በያዝኩ ቁጥር እንደ ረሃብተኛ ድመት ታለቅሳለች። ተሳፋሪዎች ድመቷን ፍለጋ ከመቀመጫው ሥር ማየት ሲጀምሩ ወደ ጋሼ ሙሄ ወሰድኳት።

ጋሼ ሙሄን ላስተዋውቃችሁ። ጋራዡ ከከተማው መውጫ ላይ አንድ የግራር ዛፍ፣ አንድ የዛገ ኮንቴይነርና በዘይት የጠቆረ መሬት ነው። ሞተር ሲያዳምጥ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ "ይቺ ከትናንት ወዲያ ውሃ ጠምቷት ነበር" ይላል፤ ልክ ነው። እጁ የተባረከ ነው ይባላል። እሱ ግን "እጄ አይደለም" ይላል። ከጋራዡ ዱዓ ሳይደረግለት የወጣ መኪና የለም።

ዱዓውን የሚያደርጉት ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩት እማ ዘሃራ ናቸው። እማ ዘሃራ ከዱበርቶቹ አንዷ ናቸው። ዱበርቲ የምንላቸው ተሰብስበው ዱዓ የሚያደርጉልንን፣ አራስ የሚጠይቁትን፣ የተጣላ የሚያስታርቁትን ትልልቅ እናቶች ነው። ሥራው ሊያልቅ ሲል እማ ዘሃራ ምርኩዛቸውን ይዘው መንገዱን ያቋርጣሉ። ለሳቸው ተሳቢ የጎተተ መኪና ሁሉ ይቆማል። ደርሰው መዳፋቸውን ሲዘረጉ፣ በዙሪያቸው ያለ ሰው በእጁ የያዘውን ሁሉ መሬት ያስቀምጣል። ስልክ የያዘ ስልኩን፣ ሻይ የያዘ ብርጭቆውን፣ ቁልፍ የያዘ ቁልፉን። "የተያዘ እጅ ምን ሊቀበል ነው?" ይላሉ።

ዱዓቸው ደግሞ ረጅም ነው። ቀጥታ መኪናው ላይ አይወርዱም።

"ያ ረቢ፣ የጅቡቲ መንገድ ላይ ያሉትን አድርስልን።"

"አሚን!"

"ጨፋ ሜዳ የወረዱትን ከብቶች ከመዥገር፣ ባለቤቶቻቸውን ከጠብ ጠብቅልን።"

"አሚን!"

"አረብ አገር ያሉትን ልጆቻችንን በሰላም ወደ ደጃቸው መልስልን።"

እዚህ ላይ የኔ አሚን ከሁሉም ይበልጥ ትጮሃለች። እንዲህ እያሉ እስረኛውን፣ ነፍሰ ጡሯን፣ ዝናቡን፣ ያላገባውን (እኔን እያዩ) ሁሉ አዳርሰው መጨረሻ ላይ ይቆማሉ። "ይቺን... ምንድን ናት ሙሄ?"

"ባጃጅ ናት እማ።"

"ይቺን ባጃጅ ከነጫነችው ጠብቅልን።" ከዚያ መሪው ላይ ቱፍ ቱፍ ብለው ይመርቁና ይመለሳሉ። እኔ ይህን በሰማሁ ቁጥር ቆዳዬ ይኮማተራል። ከጅቡቲ ተነስቶ፣ ጨፋን አቋርጦ፣ ባሕር ተሻግሮ እኔ ባጃጅ ላይ የሚያርፍ ነገር! ስንኝ ለመቋጠር እታገላለሁ፤ እንዲህ ያለ መንገድ የሄደ ስንኝ ግን ገጥሜ አላውቅም።

ያን ቀን እማ ዘሃራ ቀድመው መጡ። ሌላ መንደር ወዳጃ ነበረባቸው፤ ሰው ተሰብስቦ ዱዓ የሚያደርግበት ጉባኤ ማለት ነው፤ እዚያ ሳይረፍድባቸው ለመድረስ ቸኩለዋል። ጋሼ ሙሄ ድመቷን ከፍሬኑ ውስጥ አስወጥቶ ጎማዋን መልሶ እየገጠመ ነው። ጎማዋን የሚያጠብቁትን አራት ዳዶዎች በጣቱ አስገብቷቸዋል፤ ቁልፉን አንስቶ አንደኛዋን አጠበቀ። ቂጭ አለች። ወደ ሁለተኛዋ ሲዞር እማ ዘሃራ መዳፋቸውን ዘረጉ። ቁልፉን አስቀመጠ። ሁላችንም ዘረጋን።

እኔ ዓይናማ ነኝ ብዬ የምኮራ ሰው ነኝ። ያን ቀን ያየሁትንም ልንገራችሁ፤ በእማ ዘሃራ መዳፍ ላይ ያሉት መስመሮች የቦርከና ወንዝ ቅርንጫፎች እንደሚመስሉ አየሁ። የግራር ጥላ ፊታቸው ላይ ሲንቀሳቀስ አየሁ። መሬት የተቀመጠውን ቁልፍ እንኳ አየሁት፤ ፀሐይ አርፋበት ታበራለች፤ "ይህችን ስንኝ ውስጥ አስገባታለሁ" አልኩ። ለምን መሬት ላይ እንዳለች ብቻ ነው ያላሰብኩት።

አሚን ተባለ። ጋሼ ሙሄ ፊቱን በሁለት እጁ ሲያብስ በእጁ ላይ ያለው ግራሶ ከግንባሩ እስከ አገጩ ተቀባ። እማ ዘሃራ ሄዱ።

"ጨርሰናል ጋሼ?" አልኩት።

"አሚን ብለን የለ!" አለና ለአስር ሰላት ሊታጠብ ሄደ።

ከዚያ ባጃጇን ያነሳው ክሪክ ወረደ። እንዴት እንደወረደ ለጊዜው አትጠይቁኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሰይዶን ከአንዲት ፍየል ጋር ጭኜ ወደ ጨፋ ሜዳ ወረድኩ። ሰይዶ ፍየል ነጋዴ ነው፤ ሰንበቴም ባቲም ገበያ ያለ እሱ አይሟሟቅም፤ ስለ አንዲት ፍየል ሲያወራ ሙሉ መንጋ የሚያስነዳ ምላስ አለው። መንገዱ ጥሩ ነው፣ አየሩ ጥሩ ነው፣ ማሽላው አሽቷል። ድመቷ የለችም። "የጋሼ ሙሄ እጅ!" እያልኩ ነው የምነዳው።

በግራ በኩል አንዲት ጎማ አለፈችን።

ብቻዋን ናት። ከኋላዋም ከፊቷም መኪና የለም። ቀጥ ብላ፣ ሳትወላገድ፣ ሥራ እንዳለው ሰው ትሮጣለች።

"ያቺ ጎማ የማን ናት?" አለ ሰይዶ።

"እንጃ፣ ከኋላችን የሚመጣ መኪና ይሆናል፤ ምስኪን!" አልኩ። ወላሂ፣ ጡሩምባ ነፍቼ መንገድ ለቀቅኩላት።

ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደሄድን እስከ ዛሬ አከራካሪ ነው። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ብከፍት የማይሞላ ጊዜ ነው እላለሁ። ሰይዶ ሌላ ይላል። ብቻ ባጃጇ ነገሩን ቀስ ብላ የተረዳች ይመስለኛል። መጀመሪያ ወደ ግራ ዘመም አለች፤ ቀጥላ እንደ ግመል ተንበረከከች፤ ከዚያ ብረቷ አስፋልቱን ያዘውና እሳት እየተፋች፣ እየጮኸች ተንሸራትታ በግራ ጎኗ ጋደም አለች። ፍየሏ እኔ ላይ፣ ሰይዶ ፍየሏ ላይ።

"ሰይዶ፣ አለህ?"

"አለሁ መሰለኝ። ፍየሏን ጠይቃት።"

ማንም አልተጫረም። በላይኛው ጎኗ ወጥተን፣ በሕይወት በመኖራችን ከመተቃቀፋችን በፊት፣ ሁለታችንም ያደረግነው አንድ ነገር ነው፤ ጎማዋን በዓይናችን መከተል። አሁንም አልቆመችም። አስፋልቱን ለቅቃ ሜዳ ገብታለች። የሚግጡት ከብቶች አንገታቸውን አንስተው መንገድ ይሰጧታል። አንድ ኮርማ ጥቂት ተከትሏት ሄደና ተስፋ ቆርጦ ቆመ። ማሽላ ውስጥ ገባች፤ ከዚያ የምናየው የማሽላውን ራስ ብቻ ሆነ፤ አንድ ረድፍ እየተወዛወዘ እየራቀ፣ እየራቀ... ከማሽላ ጠባቂው ማማ ሥር ሲደርስ ተወ።

"ሱብሃነላህ!" አለ ሰይዶ። ሐዋ በአራት ዓመት የገዛችው ነገር ነፃ ወጥቶ ሲሮጥ እንደዚያ ያምራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሰይዶ ፍየሏን እየጎተተ፣ እኔ እያነከስኩ (ሳይታመኝ፣ ለነገሩ ክብደት ብዬ) ማማው ሥር ደረስን። እዚያ አንድ ሽማግሌ ወንጭፍ ይዘው ቆመዋል። በኋላ እንደነገሩን ጎማዋ ስትመጣ ከርከሮ መስላቸው ሁለት ድንጋይ ልከውባታል። አልቆመችም። አሁን ከማማው ወርደው ጋቢያቸውን አልብሰዋታል።

"ኩን ማሊ?" አሉ ወደ ተሸፈነው ነገር እየጠቆሙ፤ ይህ ምንድን ነው ማለታቸው ነው።

"ጎማ ናት አባባ። የኔ ናት።"

"የመጣ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።"

"ሌላ ማን መጣ?"

"እስካሁን ማንም አልመጣም። ቢመጣስ? ምልክቷን ተናገር።"

የጠፋ ከብት በእኛ ዘንድ እንዲሁ አይነዳም። ባለቤት ነኝ ያለ ሰው ሳያያት ምልክቷን ይናገራል፤ ጆሮዋን፣ ጠባሳዋን፣ ቀንዷን። ከገጠመ ይወስዳል። ሥርዓቱን አውቃለሁ፤ አከብራለሁም። ግን ባጃጄ ከዚያው ከቆምንበት አስፋልቱ ዳር በጎኗ ተኝታ ትታያለች፤ የጎደላትም ይታያል።

"አባባ፣ እዩዋት እንጂ፤ አንድ ጎማ የላትም እኮ!"

"ጥጃዋን ያጣች ላም ሁሉ የዚች ጥጃ እናት ናት?" አሉ። "ቀለሟ?"

"ጥቁር።"

"ጥቁር ያልሆነ ጎማማ አይቼ አላውቅም። ጠባሳዋ?"

እዚህ ላይ ጨለመብኝ። ሁለት ዓመት ነድቻታለሁ። ስለ ሰማይ፣ ስለ ግራር፣ ስለ ሰው መዳፍ ስንኝ አለኝ። ስለ ግራ የኋላ ጎማዬ ግን አንዲት ነገር አላውቅም። ሰይዶ ጉሮሮውን ጠረገ።

"አባባ፣ በጎኗ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ልጥፍ አላት። አየር የሚነፋባት ላይ ክዳኗ ጠፍቶ የእስክሪብቶ ክዳን ተሰክቶባታል፤ ሰማያዊ።"

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ገልጠው ዝቅ ብለው አዩ፤ በጣታቸው ዳሰሱ። "ልክ ነው። ውሰዱ።" ከዚያ ለኔ አዘኑልኝ መሰለኝ ጨመሩ፤ "ደግሞ ጨዋ ናት። በረድፉ መሃል ነው የገባችው፤ አንድ አገዳ አልሰበረችም።"

"አንተ እንዴት አወቅክ?" አልኩት ሰይዶን ስንመለስ።

"ጠዋት ፍየሏን ሳስር አየኋታ። የምሳፈርበትን አያለሁ፤ ፍየል ስገዛም ጥርስ አያለሁ።"

ባጃጇ ጋ ስንመለስ በዓይኔ አፍሬ ስለነበር አጥብቄ ተመለከትኩ። ጎማዋ ከምትታሰርባቸው አራት ብሎኖች ሦስቱ ጥርሳቸው ደህና ነው። ዳዶዎቻቸው አንድ ባንድ እየተሽከረከሩ በሰላም ወርደዋል። አራተኛው ግን ከሥሩ ተበጥሷል። ብቻውን ነው የያዘው። ትናንት ከጋራዥ እስከ ቤት፣ ዛሬ ከቤት እስከ ጨፋ፣ ሦስት ጓደኞቹ ጥለውት ሄደው፣ ሰውና ፍየል ተሸክሞ። አቀፍኩት ብላችሁ ሳቁብኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ ያቺን አንዷን "ቂጭ" ደግሜ ሰማኋት። ሁለተኛዋን ለመስማት ጆሮዬን ባቆም ባቆም፣ የሚሰማኝ "የጅቡቲ መንገድ ላይ ያሉትን" ብቻ ነው።

ባጃጇ በጭነት መኪና ተጭና ጋራዥ ደረሰች። ጋሼ ሙሄ እንዳየኝ ሮጦ አቀፈኝ።

"አልሃምዱሊላህ! ተርፈሃል! አየህልኝ ዱዓውን?"

"ጋሼ፣ ዳዶው..."

"ሌላ ጋራዥ ብታሠራት ኖሮ ዛሬ አንተን ነበር የምናጥበው!"

"ጋሼ፣ ዳዶው አልጠበቀም ነበር።"

"ስንት ጎማ ነው የወጣው?"

"አንድ።"

"ሁለቱስ?"

"ቦታቸው ናቸው።"

"አየህ!" አለና ለተሰበሰበው ሰው በእጁ አሳየኝ፤ እኔን እንደ ምስክር።

ምን ልበል? "ዱዓው ነው ሥራህን ያቋረጠህ" ልበል? እማ ዘሃራ በራቸው ክፍት ነው፤ ከማዶ ተቀምጠዋል። ዱዓ የከሰሰ ሰው ተብዬ ከሚሴ ውስጥ ማን ይሳፈርልኛል? አፌን ዘጋሁ። አፌን ስዘጋ የሰይዶ አፍ ተከፈተ።

የመጀመሪያ ቀን ሰይዶ በሁለት ጎማ ሃያ እርምጃ ሄድን አለ። በማግስቱ ሰንበቴ ገበያ ሃያው እርምጃ እስከ ድልድዩ ሆነ። ሰኞ ባቲ ደረሰ፤ ባቲ ላይ ከከሚሴ የወጣነውም በሁለት ጎማ ነበር፤ ሦስተኛዋ ከፊት ከፊት እየሄደች መንገድ ትመራን ነበር። ከቆላ የመጡ ግመል ነጋዴዎች ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ አሉ። ማክሰኞ ወደ ከሚሴ ሲመለስ ወሬው ለኔው ለራሴ ተነገረኝ፤ ነጋሪው እኔ መሆኔን አላወቀም። ፍየሏ አሚን ትል እንደነበር የሰማሁት ያኔ ነው። አላህ ያሳያችሁ፣ እያወቅኩት ገረመኝ።

ጋራዡ በሰው ተጥለቀለቀ። ደህና መኪና ሁሉ ለዱዓ ይመጣል። አንድ ሹፌር ምንም ያልጎደለበትን ትልቅ መኪና አምጥቶ አቆመ፤ ጋሼ ሙሄ እንዲያው እንዳያፍር ብሎ መስታወቱን አጠበቀለት። እማ ዘሃራ ከጠዋት እስከ ዙሁር ሰላት መዳፋቸው አይታጠፍም። የኔዋ ባጃጅ ኮንቴይነሩ አጠገብ በጎኗ እንደተጋደመች ናት። ሰው ይዳስሳታል፣ በስልኩ ፎቶ ይነሳል፣ የተበጠሰውን ብሎን እያየ ከንፈሩን ይመጥጣል።

"ጋሼ ሙሄ፣ መቼ ነው የምትጠግናት?"

"እንዴት ልጠግናት? ከተጠገነች ሰው ምን ያያል?"

ጁምዓ ሐዋ ደወለች። ወሬው ጅዳ ደርሷል።

"ባጃጄ በሁለት ጎማ ትሄዳለች አሉ?"

"እንደዚያ ይላሉ።"

"ታዲያ ሦስተኛውን ለምን ገዛሁት?"

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። በለሆሳስ "ወንድሜ፣ እውነቱን ንገረኝ። ባጃጄ ትሠራለች?" አለች።

"ኢንሻ አላህ።"

"ያንተን ኢንሻ አላህ አውቀዋለሁ" አለችና መስመሩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ይሁን ራሷ፣ አላውቅም። ከሰዓት ጋሼ ሙሄን "እማ ዘሃራ ዘንድ እንሂድ፤ እሳቸው ይፍረዱን" አልኩት። ደስ ብሎት ቀድሞኝ ተነሳ።

እማ ዘሃራ ግቢያቸው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ክንዳቸውን በቅቤ ያሻሉ፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲዘረጋ የከረመ ክንድ ነው። ጋሼ ሙሄ ስለ ዱዓው በረካ ረጅም ነገር ተናገረ፤ ሰይዶም ለምስክርነት መጥቶ ስለነበር ፍየሏን ጨመረበት። ተራዬ ደረሰ። ሌሊቱን ያዘጋጀሁት የተሸፋፈነ ንግግር ነበረኝ፤ ሁሉንም ረሳሁት።

"እማ ዘሃራ" አልኩ፤ "ዱዓው ላይ ቅሬታ የለኝም። ዱዓው ሙሉ ነበር። ጎማው ነው ያልሞላው።"

ጋሼ ሙሄ በቁጣ አየኝ። እማ ዘሃራ ግን ፊታቸውን ወደ እሱ አዞሩ።

"ሙሄ፣ ስመጣ ስንቱን አጥብቀህ ነበር?"

"እማ፣ እኔ እኮ..."

"ስንቱን?"

"አንዱን።"

"እኔም አንዱን ነው የሰማሁት" አሉ።

ሁላችንም አፋችንን ከፈትን።

"ዓይኔ ደክሟል፤ መኪናውን ከመኪናው አልለየውም። ለዚያ ነው የምጠይቅህ። ጆሮዬ ግን አለ። ባጃጅ አራት ጊዜ ይጮሃል። ትልልቆቹ ስምንትም አሥርም። ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ደጃፍ ተቀምጬ ቆጥሬ ነው የምነሳው። የመጨረሻውን ሳልሰማ ተነስቼ አላውቅም። ያን ቀን ወዳጃው እንዳያመልጠኝ ብዬ አንዱን ሰምቼ መጣሁ፤ ከአሚን በኋላ ያሟላዋል አልኩ።"

ሰው ሁሉ እሳቸው በሆነ ግምት፣ በሆነ መንፈስ፣ ሥራ ሲያልቅ ያውቃሉ ይል ነበር። እኔም ብዬ ነበር። ለካ ከመንገዱ ማዶ ሆነው የከተማውን ዳዶ ሁሉ ሲቆጥሩ ነው የኖሩት! ይህን ስሰማ የተሰማኝ ነገር፣ ጎማዋ ማሽላውን ስትሰነጥቅ ከተሰማኝ በለጠ።

ከዚያ ምርኩዛቸውን ፈልገው ሊነሱ ሆነ። "ልጄ፣ ያንተንም የእህትህንም ሀቅ ይዣለሁ። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ" ብለው እጄን ያዙ።

ጋሼ ሙሄ ከተቀመጠበት ዘለለ። "አይሆንም እማ! ቁልፉን ያስቀመጥኩት እኔ፣ ያላነሳሁት እኔ! እርስዎ ምን አጠፉ?"

"ክሪኩን ያወረድኩት እኔ ነኝ!" ብዬ ጮኽኩ። አፌ ራሱ ነው ያወጣው። "ጋሼ ሊታጠብ ሲሄድ፣ ቸኩዬ..."

ጋሼ ሙሄ ቀስ ብሎ ዞረ። "አንተ ነህ? እኔ እኮ አውርጄው የረሳሁ መስሎኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ!"

"ታዲያ ሳምንቱን ሙሉ 'አየህ! አየህ!' የምትለው?"

"ምን ልበል? ሰው ሁሉ ሲያመሰግነኝ!"

"እኔም" አለ ሰይዶ አንገቱን ደፍቶ፣ "ፍየሏ አሚን አላለችም።"

እማ ዘሃራ እጃቸውን አነሱ። "ሦስት ጥፋተኛ ለአንድ ጎማ ይበቃል፤ ሰይዶ፣ አንተ ሂድ ፍየልህን ሽጥ። ሙሄ፣ ነገ የሌላ ሰው መኪና እንዳልሰማ።"

ጋሼ ሙሄ ሁለት ቀን ከሌላ ሰው መኪና ራቀ። የተጣመመውን አቀና፣ የተበጠሰውን ቀየረ፣ የተጨረማመተ ጎኗን በመዶሻ እየዳበሰ መለሰው። የመጨረሻው ቀን እማ ዘሃራ ከማዶ አልቆጠሩም፤ መጥተው አጠገቡ ቆሙ። ቂጭ። "አንድ" አሉ። ቂጭ። "ሁለት።" ቂጭ። "ሦስት።" አራተኛዋ ስትጮህ እኔም ሰይዶም አብረን ጮኽን። ከዚያ "ደግሞ እሱ ይሞክራት" አሉ፤ እኔ ሞከርኳት። "ደግሞ እሱ" አሉ፤ ሰይዶም ሞከራት። ጋሼ ሙሄ ደግሞ ሦስታችን የሞከርነውን ተመልሶ ሞከረ።

"ዳገቱ ላይ አራስ አለች፤ ልጠይቃት እሄዳለሁ" አሉ እማ ዘሃራ። "በዚህችው ባጃጅ፣ በዚህችው ጎን።" በግራ በኩል፣ ከጎማዋ ልክ በላይ ተቀመጡ። ጋሼ ሙሄ ቁልፉን እንደያዘ አጠገባቸው ገባ። ሰይዶ ሳይጠራ ገባ።

እንደዚያ ቀን ዝም ብላ የሄደች ባጃጅ ከሚሴ አላየችም። ሰይዶ እንኳ አይናገርም። አራታችንም ጆሮአችን ግራ ጎማዋ ላይ ነው። ሰው ሰላም ሲለን አንመልስም። ጠጠር ስትረግጥ ጋሼ ሙሄ ትንፋሹን ይይዛል፤ ስታልፍ ይለቃል። ዳገቱን እያቃሰተች፣ እያቃሰተች ወጣችው። አናቱ ላይ ስንደርስ ጨፋ ከሥራችን ተዘርግቷል፤ ማሽላው፣ ከብቱ፣ ቦርከና እየተጠማዘዘ። ያች ጎማ ያን ሁሉ ሜዳ ብቻዋን ለመሄድ የደፈረች ናት፤ አሁን ከነእማ ዘሃራ ተሸክማን ቆማለች።

እማ ዘሃራ አንድ እግራቸውን አወረዱና እዚያው ቆሙ።

"ሙሄ።"

"አቤት እማ።"

"ዱዓ አድርገናል?"

ጋሼ ሙሄ እኔን አየኝ። እኔ ሰይዶን አየሁት። ሰይዶ ሰማዩን አየ። ዳዶ ስንቆጥር፣ ቆጥረን ስንሞክር፣ ሞክረን ስናዳምጥ፣ አንዳችንም መዳፋችንን አልዘረጋንም።

ጋሼ ሙሄ ግንባሩ ላብ አወጣ። የእማ ዘሃራ ትከሻ ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

"በሉ ኑ፣ እጃችሁን ዘርጉ" አሉ ሲበርድላቸው። "ለመመለሻው ይሆናል።"

ጋሼ ሙሄ ቁልፉን መሬት አስቀመጠ። ሰይዶ ስልኩን አስቀመጠ። እኔም ልዘረጋ ስል መመለሻው አንድ ወጥ ቁልቁለት መሆኑን አየሁ።

"አንድ ጊዜ እማ" አልኩና ተመልሼ ሞተሩን አጠፋሁ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፤ ደህና ድንጋይ መርጬ ከጎማዋ ሥር ሸጎጥኩ፤ በእግሬ ገፍቼ ሞከርኩት።

"ጨረስክ?" አሉ እማ ዘሃራ፣ መዳፋቸውን እንደዘረጉ።

"ጨረስኩ።"

"ቢስሚላህ" አሉ።